የዲስትሪቢዩተር አዳሽ እንዴት ይመረጣል? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ በፑንቲና (የኤሌክትሪኩን መስመር እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታ በሚያስነሣ መገናኛ) ስለሚሠሩ የአሮጌ መኪና ዲስትሪቢዩተሮች፣ ማለትም ብልጭታውን በየተራ ለሲሊንደሮቹ ስለሚያከፋፍሉ ዕቃዎች፣ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። የሞተሩን ዓይነትና በዲስትሪቢዩተሩ አካል ላይ የተመታውን ቁጥር እንድትጽፉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሙያ አስተማማኝ መሆኑን ሥራውን ከመስጠቴ በፊት በምን ልወቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ መፈተሻ ማሽን እንዳለው ይጠይቁት። ማሽኑ ዲስትሪቢዩተሩን ከሞተር ውጭ በተለያየ ፍጥነት እያሽከረከረ ብልጭታው በየፍጥነቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀድም ያሳያል፤ ሰን የተባለው ኩባንያ የሠራቸው አሮጌ ማሽኖች ዛሬም ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። ቀጥሎም ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የተነበበውን ልኬት በጽሑፍ ይሰጥዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ልኬት የማይሰጥ ሰው ዲስትሪቢዩተሩን አጥቦና አብርቶ ይመልስልዎታል እንጂ አድሶታል ለማለት ማስረጃ የለዎትም። በመጨረሻም የሚመለስልዎ የራስዎ አካል ይሁን ወይስ ከመደርደሪያ የተነሣ ምትክ፣ ይህን አስቀድመው ይወቁ። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ዲስትሪቢዩተሮች በውስጣቸው ብልጭታውን እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድሙ የተለያዩ ሱስታዎችና ክብደቶች ሊኖሯቸው ስለሚችል፣ ቁጥሩን ሳይመዘግቡና ፎቶግራፍ ሳያነሡ ለማንም አይስጡ።

ጥያቄ፦ ዘንጉ በእጅ ሲነካ ጥቂት ወደ ጎን ይነቃነቃል። ያን ያህል ያሳስባል?

መልስ፦ እጅግ ያሳስባል። ሉካስ የተባለው ኩባንያ በሠራው 25ዲ4 ዲስትሪቢዩተር ላይ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጉ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢወዛወዝ የዚህን ክፍተት ሩብ ያህል ያዛባል፣ መዛባቱም ለሁሉም ሲሊንደር እኩል አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩ በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ በእርሱ ላይ የታየ የ1 ዲግሪ ስሕተት በክራንክሻፍቱ ላይ 2 ዲግሪ ይሆናል። መድኃኒቱ ቡሽንጉን (ዘንጉ በውስጡ የሚዞርበትን ቀለበት) መቀየር ነው፤ ዘንጉም ተበልቶ ከሆነ አብሮ መታየት አለበት። የሉካስ ቡሽንግ ዘይት የሚመጥ ቀዳዳማ ነሐስ ስለሆነ፣ ከመገጠሙ በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት በቀጭን የሞተር ዘይት ይነከራል፤ ለቸኮለ ሰው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዘይት ውስጥ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ከተገጠመ በኋላ በሪመር (በቀዳዳ ማስፊያ መሣሪያ) ማስፋት ግን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባለሙያውን ይህን ይጠይቁትና መልሱን ይስሙ፤ «በሪመር አሰፋዋለሁ» ካለዎት ዕቃዎን ይዘው ይመለሱ።

ሌላ አባል፦ በቶርኖ የተሠራ ተራ የነሐስ ቡሽንግስ ምን ነውር አለው? ብዙ መኪና በእርሱ ይሄዳል።

ሦስተኛ አባል፦ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዘይት የሚደርስበት መንገድ ካልተበጀለት ዘንጉን ይበላዋል።

ሌላ አባል፦ ዘይት መጨመር የባለቤቱ ድርሻ ነው እንጂ የቡሽንጉ ጥፋት አይደለም።

መላሽ፦ የሪመሩ ክልከላ ቀዳዳማውን ነሐስ ብቻ ይመለከታል። ተራው ነሐስ በትክክል ከተለካና የዘይት ቦይ ከወጣለት ይሠራል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ፑንቲናውን አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ባስገባ እድሳቱ ይቀርልኛል?

መልስ፦ አይቀርም። ኤሌክትሮኒኩ ፑንቲናውን ይተካል፤ የላላ ሱስታን፣ የተጣበቀ ክብደትንና በቫኪዩም ክፍሉ (በሞተሩ የመሳብ ኃይል ብልጭታውን በሚያስቀድመው ክፍል) ውስጥ ያለን የተቀደደ ዳያፍራም፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ አይጠግንም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ኃይል አጥቷል። ዲስትሪቢዩተሩ ይሆን?

መልስ፦ የሞተሩ ዓይነት የለም፣ ቁጥሩ የለም፣ መቼ ኃይል እንደሚያጣም አልተጻፈም። ከዚህ ተነሥቼ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ በቫኪዩም ክፍሉ ላይ 5-17-10 የሚል ተጽፏል። ባለሙያው ሌላ ቁጥር ያለው ልግጠምልህ ይለኛል።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። በሉካስ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ክፍሉ መሳብ የሚጀምርበት፣ ሁለተኛው የመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚደርስበት የቫኪዩም መጠን ነው፤ ሁለቱም በኢንች ሜርኩሪ ይለካሉ። ሦስተኛው ደግሞ የሚጨምረው ከፍተኛ የዲስትሪቢዩተር ዲግሪ ስለሆነ፣ የእርስዎ 10 በክራንክሻፍት 20 ዲግሪ ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር 10 የሆነውን በ5 ቢቀይሩት በቀላል ጭነት ሲነዱ 10 የክራንክሻፍት ዲግሪ ያጣሉ፤ ነዳጅ ይበዛብዎታል፣ ሞተሩም ይሰንፋል። ለለውጡ ምክንያቱን በልኬት ያስረዳዎት፤ «ያለኝ ይህ ብቻ ነው» ምክንያት አይደለም። የእርስዎን ቁጥርም መዝግበው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ባለሙያ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። ማሽን፣ የተጻፈ ልኬት፣ የራስዎ አካል። ሌላ አልጨምርም።

ጥያቄ፦ ታድሶ የመጣልኝ ዲስትሪቢዩተር አዲስ ሮተር ነበረው፤ ሞተሩ ግን ሲሞቅ ይጠፋል።

መልስ፦ አሮጌውን ሮተር (በዘንጉ ጫፍ ላይ እየዞረ ብልጭታውን የሚያከፋፍለውን ዕቃ) መልሰው ይሞክሩ። ጥራት በጎደላቸው ሮተሮች ውስጥ የናሱን ምላስ የሚይዘው ሪቬት ከሥሩ ወዳለው ሱስታ ስለሚቀርብ፣ ብልጭታው ፕላስቲኩን በስቶ በዘንጉ በኩል ወደ አካሉ ይሾልካል። ሮተሩ ንጹሕ ከሆነ ኮንደንሰሩን (ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ይቀይሩ፤ እርሱም ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይቀይሩ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደነበረ ለባለሙያው ማሳየት አይችሉም።

ጥያቄ፦ ዲስትሪቢዩተሩን ለእድሳት ሳወጣ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሞተሩን በ1ኛው ሲሊንደር የብልጭታ ምልክት ላይ ያቁሙት፣ ሮተሩ የሚያመለክትበትን አቅጣጫ በአካሉ ላይ ያስምሩ፣ የካንዴላ ሽቦዎቹን ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ዲስትሪቢዩተሩ እስኪመለስ ድረስም ማንም ሰው ሞተሩን እንዳያዞር ያድርጉ። ቁጥሩንና ፎቶግራፉን ለሦስተኛ ጊዜ አልደግምም።