ኒዳ ቱኒስ ምን ነካው? የጠየቃችሁኝን ልመልስ

የቱኒዝያን ፖለቲካ ከአብዮቱ ጀምሮ በቅርብ እከታተላለሁ። የመሃል ፓርቲ ስለሚባለው ስለ ኒዳ ቱኒስ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማነው የመሠረተው?

ቤጂ ካይድ ኤሴብሲ፣ በ2012። ለፖለቲካ አዲስ ሰው አልነበሩም። በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት በቡርጊባ ዘመን የአገር ውስጥ፣ የመከላከያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። በ2011 ደግሞ ጊዜያዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ምርጫ ካስደረጉ በኋላ ሥልጣኑን በሰላም አስረክበዋል።

ጥያቄ፦ ግራ ነው ቀኝ?

ሁለቱም ነበሩበት፣ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግራ ዘመሞች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች፣ ነጋዴዎችና በአብዮቱ ከሥልጣን የወረዱት የፕሬዝዳንት ቤን አሊ ፓርቲ አባል የነበሩ ሰዎች አንድ ላይ ገቡ። ያሰባሰባቸው የጋራ የኢኮኖሚ ዕቅድ ሳይሆን እስላማዊው ፓርቲ ኤናህዳ አገሪቱን ይጠቀልላታል የሚል ስጋት ነበር። በ2013 ሾክሪ በልኢድና ሞሐመድ ብራህሚ የተባሉ ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ሲገደሉ ስጋቱ ባሰ፣ ሕዝቡም ወደ ኒዳ ጎረፈ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ከዚያው ከኤናህዳ ጋር መንግሥት መሠረቱ?

ቁጥሩን ተመልከቱት። በ2014 ምርጫ ከ217 መቀመጫ ኒዳ 86፣ ኤናህዳ 69 አገኙ። ብቻውን አብላጫ አልነበረውም። ኤሴብሲና የኤናህዳው ራሺድ ጋኑሺ ደግሞ አገሩ ሊናጥ በነበረበት በ2013 ፓሪስ ላይ ተገናኝተው መነጋገር ጀምረው ነበር። እኔ ለአገሪቱ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፤ ግን ኤናህዳን እንዲያስቆምለት ድምፁን የሰጠው ሰው ተከዳሁ ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ኒዳን ያፈረሰው ይሄ ጥምረት ነው?

በከፊል። ዋናው ግን የውስጥ ጉዳይ ነው። ኤሴብሲ ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ሕገ መንግሥቱ ስለማይፈቅድላቸው የፓርቲውን መሪነት ለቀቁ። ያኔ ፓርቲው አንድም ጉባኤ አድርጎ አያውቅም፣ መሪውን በድምፅ የመረጠበት ቀን የለም። ልጃቸው ሀፌድ ወንበሩን ሲፈልግ ማን በምን ሥርዓት ይከልክለው? በኅዳር 2015 ሐማመት ከተማ ሆቴል ውስጥ የራሱ የኒዳ ሰዎች በዱላ ተደባደቡ። የፓርቲው ጉባኤ ሱስ በምትባል ከተማ በጥር 2016 ሲጠራ ዋና ጸሐፊው ሞህሰን ማርዙክ ቀድመው ወጥተዋል፣ ከ20 በላይ የፓርላማ አባላትም ለቀዋል፣ ኤናህዳም ያለ አንዳች ምርጫ የፓርላማው ትልቁ ቡድን ሆኖ ቁጭ አለ።

ጥያቄ፦ ዩሱፍ ሻሂድስ?

ያው የኒዳ ሰው ነበሩ። በ2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ ከሀፌድ ጋር ተጣሉ፣ በ2018 አባልነታቸው ታገደ፣ የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ሄዱ። ኒዳ በ2019 ምርጫ 3 መቀመጫ ብቻ አገኘ።

ጥያቄ፦ እና ምንም ሳይሠራ ቀረ ማለት ነው?

ኧረ አይደለም። ኤሴብሲ በ2017 ሙስሊም ሴቶች ሌላ እምነት ያለው ሰው እንዳያገቡ የሚከለክለውን መመሪያ አስነሱ። ሴትና ወንድ ልጅ እኩል ይውረሱ የሚል ረቂቅ ሕግም ፓርላማ ልከው ነበር። ሳይጸድቅ በሐምሌ 2019 አረፉ። ኒዳ ባይበታተን ኖሮ ያ ረቂቅ ድምፅ ሲሰበሰብለት 86 ሰው ይዞ ይጀምር ነበር፣ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።