የመፈቻ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሳታዪ ከማረሚያ ቤቱ በር እንዳትወጡ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ «ወንድሜ በአመክሮ ሊፈታ 2 ወር ቀረው፣ የቀበሌ መታወቂያው ሲያዝ ጠፍቷል፣ ፋይዳም የለውም፣ ከየት ልጀምር» ያልሽውን። ሁሉም ወረዳ ሂጂ ወረዳ ሂጂ እያለ ነው። ወረዳው ይቆየን። የኔም ወንድም 5 ዓመት ከምናምን ታስሮ ነው የወጣው፣ መታወቂያ እስኪይዝ 8 ወር ሙሉ አዲስ አበባን አብሬው ዞሬያለሁ፣ ያንቺም ነገር ከኛ የሚለይ አይመስለኝም።

1ኛ፦ የመፈቻ ወረቀት። ሲወጣ የሚሰጡትን ደብዳቤ እዛው በር ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ፎቶው አለ ወይ፣ ማህተሙ ፎቶው ላይ አርፏል ወይ፣ ስሙ እስከ አያት ተጽፏል ወይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ስም ወረዳ ፋይል ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ። እኛ አላነበብንም። እናቴ እልል እያለች፣ እኔ እያለቀስኩ ማን ወረቀት ያያል። እሱም አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ከተተው፣ በሳምንቱ ሳወጣው መታጠፊያው ተልጦ ማህተሙ ላብ ነክቶት ሐምራዊው ቀለም ፎቶው ላይ ፈሷል። ስለዚህ በወጣ ቀን ኮፒ አድርጊ፣ ኦርጅናሉን ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጪው።

ግን ያስለቀሰን ማህተሙ አይደለም፣ ስሙ ነው። ወንድሜ በመዝገብ ዮሐንስ ነው፣ ሰፈር ግን አቡሽ ነው የሚለው፣ እኛም ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። የተያዘ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ስምህ ማነው ሲሉት አቡሽ ብሏል፣ ከዛ ክሱም በአቡሽ፣ ውሳኔውም በአቡሽ፣ የመፈቻ ወረቀቱም በአቡሽ። እኔ ራሴ እኮ ለጥየቃ በሄድኩ ቁጥር በር ላይ አቡሽ ብዬ እያስመዘገብኩ ነው የገባሁት፣ አንድ ቀን እንኳን ይሄ ነገር ወደፊት ችግር ያመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ወረዳ ስንሄድ ልጅቷ ፋይሉን አወጣች፣ ወረቀቱን አየች፣ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለች። ቢያንስ ሰው እስከሚያልፍ ብትጠብቅ፣ ጮክ ብላ «ከእስር ቤት ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ከወንጀል ነፃ ያምጣ» ስትል ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፣ ከዛ ቀን በኋላ ለ3 ሳምንት ከቤት አልወጣ አለኝ። እስካሁን ያቃጥለኛል። ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ ሰው መታወቂያ ለመውሰድ ከወንጀል ነፃ ምን ያደርግለታል?

ማረሚያ ቤት ተመልሰን ስሙን አስተካክሉልን አልን። «እኛ ውሳኔው ላይ ባለው ስም ነው የምንጽፈው፣ መቀየር አንችልም» አሉን። ልክ ናቸው ለካ፣ ግን ይሄን ለመስማት 4 ጊዜ ተመላልሰናል፣ አንዴ ኃላፊው የለም፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልን። መፍትሄውን የነገረን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጥልኝ ብላችሁ አቤቱታ አስገቡ» አሉን። የክርስትና ካርዱንና የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱን አያይዘን፣ ከልጅነቱ የሚያውቁትን ጎረቤቶች ምስክር አድርገን ገባን። 3 ወር ፈጀ፣ ግን ውሳኔው ሲወጣ ወረዳው ቃል አልተነፈሰም።

2ኛ፦ ፋይዳ ላይ እንዳትቸኩሉ። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር መመዝገብ ይችላል፣ በነፃ ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ባንክም ይመዘግባሉ፣ እኔም ተስፋ ስቆርጥ ምስክር ሆኜ ላስመዘግበው ነበር። እንኳንም አላደረግኩት። የአስሩን ጣት አሻራ፣ የዓይኑን አይሪስና ፎቶውን ይወስዳሉ፣ ከዛ በኋላ በሌላ ስም ልመዝገብ ቢል ሲስተሙ ያውቀዋል። በአቡሽ ተመዝግቦ ቢሆን ሌላ የማስተካከል ጣጣ ነበር። ስሙ በፍርድ ቤት ከጠራ በኋላ ሂዱ።

ፋይዳ ላይ የሚመዘገበው ስልክ ደግሞ፣ የድሮ ሲሙ ሳይሰራ ስለቆየ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ የኔ ወንድም ቁጥር ሲደወልበት አንዲት ሴትዮ ናት ያነሳችው። ቸኩለን የኔን ቁጥር አስመዘገብን፣ ከዛ አካውንት ሊከፍት ባንክ ሄዶ የማረጋገጫ ኮዱ በኔ ስልክ መጣ፣ እኔ ስራ ላይ ስልኬን አጥፍቻለሁ፣ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ቀረ። ሁሌ ቤት የሚሆን ሰው ቁጥር ስጡ።

3ኛ፦ ወረዳ ስትሄጂ፣ ሰፈራችሁ ድሮ ቦሌ ወይ የካ ስር ሆኖ አሁን ለሚ ኩራ ከገባ ፋይሉ የት እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ቤታችሁ ለልማት ከተነሳም እንደዛው፣ መሸኛ ሳይዝ ቢሄድ ይመልሱታል። ብቻውን አትላኪው። የሌለ ነገር አምጡ ካሉሽ «በጽሁፍ ስጡኝ» በይ፣ እኔ እንደዛ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስገባ ነው ከወንጀል ነፃ የሚለው ነገር የቀረው። በአመክሮ የሚወጣ ሰው ቀሪው ቅጣት እላዩ ላይ ነው ያለው፣ መንገድ ላይ ፖሊስ መታወቂያ ሲለው ባዶ እጁን መሆን የለበትም።

አሁን 2 ወር አለሽ፣ እኛ ያላገኘነው ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ጥየቃ ስትሄጂ ክሱና ውሳኔው ላይ በምን ስም እንደተጻፈ እሱን ጠይቂው፣ የውሳኔውን ግልባጭ አውጪ፣ ወረዳ ሄደሽ የቤተሰብ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ፣ «ወ/ማርያም» እና «ወልደማርያም» እንኳን ቢሆን። ከተለያየ አቤቱታው እሱ ውስጥ እያለ ይጀመር፣ እንዴት እንደጻፍነው የኛን ማመልከቻ ፎቶ ስሙን ሸፍኜ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።