«እንግዳው አለ?»፦ ኮሜዲ ለሚያጠኑ የደሴ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ልምምዳችሁን እንዳይ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሲያልቅ «ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» ብላችሁ ከበባችሁኝ፤ እኔም «አብሽሩ፣ ጥሩ ነው» ብዬ ወጣሁ። ወደ ፒያሳ ስወርድ ጭጋጉ ከጦሳ እየወረደ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ሳልነግራችሁ የቀረሁትን ሳሰላስል ሄድኩ። «ጥሩ ነው» ያልኩት ከልቤ ነው፤ ግን አይበቃችሁም። ቀን ሥራና ትምህርት ላይ ውላችሁ፣ ማታ ማታ ያለ አንዳች ክፍያ የምትሰባሰቡ ልጆች ዕድሜውን መድረክ ላይ ካሳለፈ ሰው ከዚህ የበለጠ መስማት ይገባችኋል። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለመድረክ የመረጣችሁት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከባድ ሥራ ነው። ፎልቲ ታወርስ በቢቢሲ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 ሲሆን፣ በሁለቱም ዙር ስድስት ስድስት፣ በድምሩ 12 ክፍል ብቻ ነው ያለው። በሁለቱ ዙሮች መካከል ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። ይህች 12 ክፍል ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ባለሙያዎችን ድምፅ ባሰጠበት ጊዜ ከአገሪቱ የቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ሆናለች። ደራሲዎቹ ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ቁጥር ለማብዛት አልጻፉም። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍል መምረጣችሁ ደግ ነው። ሌላ ክፍል ቀጥላችሁበት አንድ ሰዓት ለማድረግ ማሰባችሁን ግን አልወደድኩትም። ክሊስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ለለንደን መድረክ ሲያዘጋጀው ሦስት ክፍሎችን አዋህዶ እንደ አዲስ ጽፎታል እንጂ ጎን ለጎን አልሰፋቸውም። ግማሽ ሰዓቷን በደንብ ሥሩ፤ በቀረው ጊዜ የራሳችሁን አጭር ተውኔት አቅርቡ።

እሑድ ዕለት ትልቁ ችግር ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። የሆቴሉን ባለቤት ባዝልን የሚጫወተው ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ይላል፤ ሁለት፣ ሦስት ቆጥሮ ይቀጥላል። መጀመሪያ ቃሉ የጠፋው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ቪዲዮውን ደጋግማችሁ ስታዩ ከነሳቁ ነው ያጠናችሁት! ያ ሥራ ስቱዲዮ ውስጥ በተመልካች ፊት የተቀረጸ ነው፤ ተዋናዩ የሚያርፈው በዚያች ምሽት ለንደን ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሲስቁ ድምፁ እንዳይዋጥ ነው። እናንተ ደግሞ የእነዚያን ሰዎች ሳቅ ርዝመት ሸምድዳችሁ ደሴ ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ።

ተመልካች ለልምምድ የማይመጣ ተዋናይ ነው፤ የእሱን ድርሻ ማንም ሊለማመድለት አይችልም። እኔ አንድን ተውኔት ዛሬ እዚህ፣ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ስትወርዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፣ አየሩም ሰዉም ይለወጣል። ደሴ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ተመልካች መጀመሪያ ይመዝናችኋል፤ ከሳቀ በኋላ ግን አይለቃችሁም። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ የመጣው ገና መጋረጃው ሲከፈት ለመሳቅ ተዘጋጅቷል፤ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይረግባል። አንዱን ዕረፍት ለሁለቱም ልትሰጡ አትችሉም። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ሳቅ የሚባል ነገር በዓለም የሌለ ይመስል ተጫወቱት። በመድረኩ ቀን ጆሯችሁን ክፈቱ። ሳቁ ሲነሳ ያዙ፤ ከጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ቃላችሁን አስገቡ። ፈጽሞ እስኪጠፋ ከጠበቃችሁ የሚቀጥለውን ከመሬት ነው የምታነሱት።

በዝምታው ጊዜ የባዝል ፊት ላይ ያየሁትም አሳስቦኛል። ልጁ ፈገግ ይላል። ባዝል እኮ የሚያስቅ ነገር እየሠራ መሆኑን አያውቅም። የሆቴሉ ስም እንዲከበር የሚመኝ፣ ሚስቱን የሚፈራ፣ ከአሁን አሁን ተዋረድኩ እያለ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ክሊስ ይህን ሰው ከአየር አላመጣውም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ከጓደኞቹ ጋር ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ያረፈበት ሆቴል ባለቤት ነው መነሻው። ያ ሰው አንዱን እንግዳ በሹካ አያያዙ ገሥጾታል፤ የሌላውን ቦርሳ ቦምብ ሊሆን ይችላል ብሎ ወደ ውጭ አውጥቷል። ሌሎቹ ትተውት ወደ ሌላ ሆቴል ሲሄዱ ክሊስ ቀረ፤ ተቀምጦ አየው። እናንተም መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ሁለት ሰዓት ተቀመጡና ሒሳብ የጎደለበትን ሰው እዩ። አይስቅም።

አሁን ወደ ትርጉሙ ልምጣ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ላይ ባዝል ለአስተናጋጁ ለማኑዌል በትሪዎቹ ላይ ቅቤ መብዛቱን ይነግረዋል። እንግሊዝኛው («ኦን ዞዝ ትሬይስ») ለስፔናዊው ጆሮ በቋንቋው «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» የሚል የተበላሸ ቆጠራ ይመስለዋል፤ እናም ጌታውን በትሕትና ያርመዋል። እናንተ ቃል በቃል ተርጉማችሁ «ትሪዎቹ ላይ ቅቤ በዝቷል» አላችሁ፤ ማኑዌል «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ መለሰ፤ እናንተ ራሳችሁ እንኳ አልሳቃችሁም። እንዴት ይሳቃል? ቀልዱ ድምፁ ውስጥ ነበር፤ ድምፁ እንግሊዝ አገር ቀርቷል።

የእኛ ቋንቋ ግን ለዚህ ሀብታም ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ጆሮ ግን ይለያል። ባዝል «እንግዳው አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አጥብቆ። ማኑዌል አላልቶ ይስማውና «ምን አለ?» ይበል።
«አለ ወይ ነው ያልኩህ!»
«ምንም አላለም፣ ጌታዬ።»
«አላለም አይደለም! አለ ወይስ የለም?»
ማኑዌል ደረጃውን ወጥቶ እንግዳውን «ምን አሉ?» ብሎ ጠይቆ ይመለስ። ወይም ባዝል «ዋናውን በር ክፈት» ሲለው ፎጣ ይዞ ይምጣ፤ ሆቴሉ ያለው ባሕር ዳርቻ ላይ አይደል? ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም ላይመስል ይችላል፤ በሰው አፍ ሲነገር ነው ሕይወት የሚዘራው። ለደራሲዎቹም ታማኝ የምትሆኑት እንዲህ ስታደርጉ ነው።

ማኑዌልን የሚጫወተው ልጅ ችሎታ አለው፤ ሰውነቱ ይታዘዝለታል። ነገር ግን ለተሰባበረ አማርኛው የመረጠው ከቆላ ለገበያ የሚወጡ ወገኖቻችንን አነጋገር ነው። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ያን ጊዜ የማየው ወንበር የሚደረድርላችሁን ልጅ ነበር። ከባቲ በኩል እንደመጣ አነጋገሩ ይናገራል። ወንበሩን አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ወጣ። እስክትጨርሱ አልተመለሰም።

ይህን በቀላሉ አትለፉት። ወሎ ውስጥ አንድ አዳራሽ ስትሞሉ አማርኛን በእናቱ ጉያ የተማረም፣ በገበያ የተማረም አብሮ ነው የሚቀመጠው። ማኑዌል ከባርሴሎና ነው የመጣው፤ ከዚያው ይምጣ። ስፔኖች እንኳ ሥራውን ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱት አስተናጋጁን ጣሊያናዊ አድርገው ፓኦሎ ብለውታል። የእናንተ ማኑዌል የማንንም ጎረቤት አነጋገር ሳይነካ አማርኛን ማበላሸት ይችላል፤ ወንዱን በሴት ይጥራ፣ ግሱን ከፊት ያምጣ፣ የጠበቀውን ያላላ። ደግሞስ እዚያ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው? ቋንቋ የማያውቅ ሰው ርካሽ ነው ብሎ የቀጠረው፣ ሳይገባው ሲቀር የሚጮህበት ባዝል ነው። ሳቁ ወደ እሱ ይሂድ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ራሱ ኮሜዲ ነበር፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተረት ሹማምንቱን ነቀሱበት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እነዚያ ሹማምንት ወንበር ደርዳሪ ላይ የሚያሾፍ ተውኔት ቢሆን ኖሮ አያግዱትም ነበር።

ከዚሁ ጋር አንድ ስጦታ አለላችሁ፤ እንግሊዞቹ የሌላቸው። ባዝል አንድ እንግዳ መዝገብ ላይ ስሙን በሙሉ ስላልጻፈ ያመናጭቀዋል፤ ሰውየው «ሎርድ ሜልበሪ ነኝ» ሲል ባዝል በቅጽበት ይቀልጣል። እንግሊዝኛው አንተንም እርስዎንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተዋናዩ ለውጡን በድምፁና በወገቡ ብቻ ነው የሚያሳየው። እናንተ ግን «አንተ» ብሎ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር «እርስዎ» ብሎ ሊጨርሰው ትችላላችሁ! እሑድ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እርስዎ» አላችሁትና ሁሉም ነገር ተበላሸ። ከሎርዱ ቀድሞ የመጣውን፣ ባዝል አነጋገሩን ሰምቶ የሚንቀውን ወጣት «አንተ» ይበለው፤ እስከ መጨረሻው። ሎርድ የተባለው አጭበርባሪ፣ የተናቀው ወጣት ደግሞ እሱን የሚከታተል ፖሊስ ሆኖ ሲገኝ፣ ተመልካቹ እያንዳንዷን «አንተ» እና እያንዳንዷን «እርስዎ» ያስታውሳል። ወላጆቻችን ሰው አክብሩ ብለው ያስተማሩንን ቋንቋ ባዝል እንዴት እንደሚሸጠው ያያል።

ሲቢልን ለምትጫወተው ልጄ፦ ነዝናዛ ሚስት አታድርጊያት። ሆቴሉን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ጽሑፉን ከጻፉት ሁለቱ አንዷ ሴት መሆኗን አትርሺ፤ በዚያ ቤት ነገሩ ገብቷቸው የሚሠሩት ሁለቱ ሴቶች፣ ሲቢልና አስተናጋጇ ፖሊ፣ ናቸው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው፤ ባዝል የበለጠ ይፈራሻል።

ስለ መምታት። ባዝል ማኑዌልን በየደቂቃው ይማታል። ማኑዌልን የተጫወተው አንድሪው ሳክስ በአንድ ክፍል ቀረጻ ላይ ልብሱ እንዲጨስ በተቀባ ኬሚካል ቆዳው ተቃጥሏል። እኔም የራሴ አለኝ። በ1970ዎቹ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ሳለሁ አዘጋጃችን «የምር ካልሆነ አያምርም» አለኝና ጓደኛዬን በጥፊ መታሁት። ተመልካቹ አጨበጨበ። መጋረጃው ሲዘጋ ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ዛሬም ስንገናኝ በግራ በኩል ስናገረው ፊቱን ያዞርልኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ እጅ ፊትን አይንካ። ተመቺው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይቁም፤ ድምፁን በገዛ እጁ አጨብጭቦ ያውጣው፤ ፊቱን መቼ እንደሚያዞርም ራሱ ይወስን። መጥበሻውንም ከካርቶን ሥሩት።

ፈቃድም አለ። ተርጉሞ በአደባባይ የማሳየት መብት የደራሲዎቹ ነው፤ የእኛም አገር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የሚለው ይህንኑ ነው። መግቢያ በነፃ ቢሆንም ጠይቁ። ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።

የመጨረሻው በሩ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምራችሁ «ይህ በር ነው» አላችሁኝ። ባዝል ሦስት ጊዜ ግድግዳ ጥሶ ገባ። በቴሌቪዥን ካሜራው ከክፍል ክፍል ይዘልላችኋል፤ መድረክ ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው በር ነው። መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ላይ እንደሚዘጋ፣ እጀታው በየትኛው እጅ እንደሚያዝ እግራችሁና ክንዳችሁ ካላወቁት ፍጥነቱ አይመጣም። ለመድረኩ ቀን አይደለም የሚያስፈልገው፤ ለነገው ልምምድ ነው። ሁለት ሞራሌ፣ አንድ ኮምፔርሳቶ፣ ሦስት ማጠፊያ ይበቃዋል፤ ሲዘጋ ግድግዳው እንዳይወዛወዝ ከኋላው የአሸዋ ጆንያ አስደግፉት።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እመጣለሁ። ማጠፊያውንና ብሎኑን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እንጨቱን እናንተ አዘጋጁ። ያን ወንበር የሚደረድረውን ልጅም ፈልጉልኝ። ስሙን ሳልጠይቀው ወጣሁ፤ ከፍቶኛል። «እንግዳው አለ?» የምትለዋን ክፍል ባዝልን ሆኖ ሲያነብ መስማት እፈልጋለሁ።