«ያልለካሁትን ሙቀት ጻፍኩ፤ ለቁልቢ የተሳልኩት ጃንጥላ ይበቃኛል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ባለፈው ወር ሌሊት ልምምድ ላይ ሳለሁ ተረኛዋ ሲስተር የሌሊት 8 ሰዓቱን ሙቀትና የደም ግፊት ሳልለካ፣ ከምሽቱ ጋር አስጠግቼ ቻርት ላይ እንድሞላ ነገረችኝ። «ተኝተዋል፣ ምን ትቀሰቅሻቸዋለሽ? አቦ አታካብጂ» አለችኝ። ውጤቴን የምትሞላው እሷ ናት። የስምንት ሰው ጻፍኩ። ጠዋት አንዲት እናት በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ተገኙ። እኔ የጻፍኩላቸው 36.8 ነበር። ታክመው ተሻላቸው፤ ማንም አላወቀብኝም። ኤቲክስ ኮርስ ላይ ኤ ነው ያመጣሁት፤ አሁን ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ጃንጥላ ተስያለሁ። ይበቃኛል? ለንስሐ አባቴ ስናገርስ የታማሚዎቹን ነገር ማንሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ሳላለባብስ ልንገርሽ፤ ኃጢአት ነው። እንቅልፍ መንሳቱም ደግ ነው፤ ኅሊናሽ ገና አልደነደነም ማለት ነው።

«በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ለፍርድ ቤት ብቻ ይመስለናል። ቻርትም ምስክርነት ነው። ታማሚዋ ተኝተዋል፣ መናገር አይችሉም። ሐኪሙ ቤቱ ነው። በሁለቱ መሃል የቆመችው ምስክር አንቺ ነሽ። «36.8» ብለሽ ስትጽፊ «እኚህ እናት ደኅና አደሩ፣ እኔ አይቻለሁ» ብለሽ ፈርመሻል። አላየሽም።

«ተኝተዋል» ስለተባለው አንድ ነገር ላጫውትሽ። እናቴ ሐረር ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ሌሊት አንዲት ወጣት ነርስ መጣች። መብራቱን አላበራችም። የእናቴን የእጅ አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ዓይኗን ደረቷ ላይ የተሰካች ትንሽ ሰዓት ላይ አደረገች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። 60 ሴኮንድ ሙሉ። ከዚያ ምን እንዳላማራት አላውቅም፣ እንደገና ያዘችና እንደገና ቆጠረች። እስክሪብቶዋን ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ አልነቃችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ለዚያች ልጅ እጸልያለሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

የሙያሽ እናት የሚሏት ፍሎረንስ ናይቲንጌልም የምትታወቀው ሌሊት በሽተኞችን በጎበኘችበት ፋኖሷ ብቻ አይደለም። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ ወታደሮችን ታስታምም ነበር። ወታደሮቹ ከቁስላቸው ይልቅ በበሽታ እንደሚያልቁ በኋላ በቁጥር አስልታ አሳየች። የጦር ሆስፒታሎች ንጽሕና እንዲሻሻል ያ ቁጥር ብዙ ረድቷል። ዎርድ ውስጥ ሁሉም እንዳሻው እየገመተ ቢሞላ ኖሮ የምትቆጥረው ምን ይኖራት ነበር?

አሁን ወደ ትእዛዙ ልምጣ። «ያዘዘችኝ አለቃዬ ናት» ትያለሽ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 1ን ክፈቺ። ሲፓራና ፉሐ የሚባሉ ሁለት አዋላጆች አሉ፤ የሙያ እህቶችሽ ናቸው። ያዘዛቸው ፈርዖን ነበር። ወንዶቹን ሕፃናት ግደሉ አላቸው። እግዚአብሔርን ፈሩና አልገደሉም። ይህን ሳስተምር «ለፈርዖን ‹ሳንደርስ ይወልዳሉ› ብለው የመለሱለት ሙሉ እውነት ነበር ወይ?» የሚል ሰው ጉባኤ ላይ አይጠፋም። ቃሉ ያመሰገናቸው እግዚአብሔርን በመፍራታቸው ነው። ደግሞም እነሱ የሸሸጉት ከገዳይ ነው። ያንቺ ቁጥር የሸሸገው ከሐኪም ነው።

ሲስተሯን ግን አትፍረጂባት። ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ የምታነጋ ሰው ናት፤ ድካም ስንቱን ያስደርጋል። ልክ ነች ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ልማድ የሚገባው ሰው ሲያንስና ጠያቂ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ነገሩን የእሷን ስም ለማጥፋት አታንሺው።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ኑዛዜ ቻርቱን አያርመውም። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል «አጠፋሁ» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ በሐሰት ከሰው የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ካንቺ የሚጠበቀው መመለስ እውነቱን ለሚመለከተው ሰው መንገር ነው። ቻርት ላይ የተሳሳተ ነገር ሲገኝ እንደማይፋቅ፣ በነጭ ቀለም እንደማይሸፈን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የፊቱ እየተነበበ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አጠገቡ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይገባል። ንስሐም እንደዚሁ ነው፤ የቀድሞው እየታየ ይታረማል። አሁን ግን ብቻሽን ሄደሽ ቻርቱን እንዳትነኪ። የልምምድ ኃላፊ መምህርሽ ዘንድ ግቢና «የስምንት ሰው ሳልለካ ሞልቻለሁ» በይ። ሰበብ አታስከትዪ። «እሷ ናት» ከሚለው አትጀምሪ፤ ከተጠየቅሽ ግን እውነቱን ተናገሪ።

ሊቀጡሽ ይችላሉ። አላባብልሽም። ውጤትሽ ሊቀንስ፣ ልምምዱን ድገሚ ልትባዪ ትችያለሽ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ቤተሰብ ምረቃሽን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ዘንድሮ በተማሪነትሽ ብትነግሪያቸው ይሻልሻል። ዛሬ ዝም ካልሽ ነገ ሁለተኛው ይቀልሻል፤ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አይታወቅሽም።

ስለ ታማሚዎቹ ምስጢር ጥሩ ጠየቅሽ። የምትናዘዢው የራስሽን ኃጢአት ነው። የማንም ስም፣ የማንም በሽታ አያስፈልግም። «ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ ጻፍኩ» ካልሽ ንስሐ አባትሽ ይገባቸዋል።

ኤ ማምጣትሽ ከንቱ አይደለም። በጎ ማድረግ፣ አለመጉዳት፣ የታማሚን ፈቃድ ማክበር፣ ፍትሕ፤ የተማርሻቸው አራቱ መርሆች ከእምነታችን ጋር አይጣሉም። ግን ክፍል ውስጥ የተፈተንሽው በወረቀት ነው። ዎርድ ውስጥ የሚፈትንሽ እንቅልፍ፣ ፍርሃትና «አታካብጂ» የሚል ሰው ነው። መልሱን ቀደም ብለሽ አፍሽ ላይ አለማምጂው። «ሲስተር፣ አልለካሁም፤ አሁኑኑ ለክቼ ልጻፍ» በይ። በአክብሮት፣ ድምፅሽን ሳታነሺ። ካልደረስሽም ባዶ ተዪውና ለቀጣዩ ተረኛ «ይኼ አልተለካም» ብለሽ አስረክቢ። እሱ ይለካዋል። የተሞላ ቦታ ካየ ግን ዞር ብሎም አያየው።

ጃንጥላውን ደግሞ አትተዪው፤ ስለት ስለት ነው፣ ታኅሣሥ 19 ይዘሽ ሂጂ። ነገር ግን በጃንጥላው ይህን ልትሸፍኚበት አስበሽ ከሆነ አይሆንም። መጀመሪያ መምህርሽን አነጋግሪ፣ ከዚያ ወደ ቁልቢ ውጪ። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ ማክሰኞ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ እዚሁ አለሁ፤ ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ አብረን እናዘጋጃለን።