ሱሉልታ ላይ ያልበራው ቢጫ

ልጆች፣

ሰሞኑን ሥዕል የጀመረች አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ስንት ቀለም ልግዛ?» አለችኝ። አራት አልኳት፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ካድሚየም ቀይ፣ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን አንድ የድሮ ሸራ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

መስከረም ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ አደይ ለብሷል። ሸራዬ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር። ሣሩን ከቱቦ እንደወጣ በአረንጓዴ ሞላሁት፣ አበባውን በንጹሕ ቢጫ ነካካሁት። አልበራም። ነጭ ጨመርኩበት፤ ኖራ የነካው መሰለ። ጥላ እንዲኖረው ጥቁር ባክልበት ቅጠል ሆኖ አረፈው፤ ቢጫ ጥቁር ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በስፓቱላ አወፈርኩት፤ እንደ ቅቤ ተቆለለ እንጂ አሁንም አልበራም።

ቀለም ያስተማሩኝ አዛውንት ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ብሩሹን ከእጄ ወሰዱ። አረንጓዴው ላይ ቅንጣት ቀይ ቀላቅለው፣ መዳፍ የምታክል አንዲት ጥግ አደበዘዙ። ከአበቦቹ ሥር ደግሞ አልትራማሪንና ቀይ በነጭ አለዝበው አኖሩ። ካድሚየም ቀይ ወደ ብርቱካን ስለሚያደላ ሐምራዊው አይጠራም፣ አመድማ ይሆናል። የፈለጉትም ያንኑ ነበር። እኔ ግን «ሸራዬን አበላሹብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ብሩሹን ጠርገው አስቀምጠው ሄዱ። ጥጓን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ በራሰ ጨርቅ አጠፋኋት። ከሸራው ሁሉ ቢጫው የበራው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ እንደነበር የገባኝ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥራ እዩ። እዚያም ብርሃን የሚያልፍበት ቀለም ይበልጥ የሚነደው በጨለማ መስመሮች መሃል ስለታጠረ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ከስልክ ፎቶ ትሥላላችሁ። ስልክ ጥላውን ያጠቁረዋል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ ይጠፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ድረስ ሂዱ።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፣ ግን ሥሩት። ኮላና ጄሶ ሁለት ጊዜ የተቀባ አቡጀዲ ላይ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ካሬ አስምሩ። ሁለት ቀለም ምረጡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰባት ደረጃ ተሻገሩ፤ ከዚያ ሰባቱንም በነጭ አምስት አምስት ጊዜ አቅጥኑ። ከሥር በእርሳስ ምን ያህል ከምን እንደቀላቀላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ትረሱታላችሁ። ጨርቁን ሳትቀቡ በዘይት ቀለም አትጀምሩ። ዘይቱን መጦ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ያወጣል፣ ውሎ አድሮም ክሩን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያው ንብር በአኳራጅ ይቅጠን፤ የተልባ ዘይቱ ከላይ ላለው ይሁን። ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ጥቁር አትግዙ እላለሁ። ግን ለእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከጥቁርና ከየሎ ኦከር፣ ከአፈርማው ቢጫ፣ ትንሽ ነጭ ታክሎበት፣ የተሻለ አረንጓዴ አላገኘሁም። እንግዲህ አንድ ቱቦ ግዙና ደብቁት።

ሸራችሁን ማንም እንዲነካባችሁ አትፍቀዱ። የነካው መምህር ከሆነ ግን፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ቢያንስ እስኪደርቅ ጠብቁ።

የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ይነድዳል። ውጭ ሽቦ ላይ ዘርጉት።