“ወንድሜ ወታደር ነው፣ እኔ ግን ጦርነቱን እቃወማለሁ፤ ከየት ልጀምር?” ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፖለቲከኛ አይደለሁም፣ ድርጅትም ገንዘብም የለኝም፣ ወንድሜም ወታደር ነው፤ ጦርነቱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ተራ ሰው ከየት ይጀምራል ነው ያልሽው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቻይኝ።

ከስህተቴ ልጀምር። የመጀመሪያውን ስብሰባ ስንጠራ 11 ሰው መጣ። እኔ ሆዬ ሦስት ገጽ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጦረኛው፣ የደም ነጋዴው፣ ነፍሰ ገዳዩ፤ ምን ያልከተትኩት አለ! አፌን ሞልቼ አነበብኩት። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። “ልጄ ግንባር ነው ያለው። አንተ እንዳልከው ከሆነ ልጄ ነፍሰ ገዳይ ነው ማለት ነው?” አሉኝ። ምላሴ ታሰረ። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። አራት ሰው ተከትሏቸው ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሰማሁ። ልጃቸው ከደወለ አምስት ወር አልፎታል። ይኑር ይሙት የሚነግራቸው የለም። የሄዱበት ቢሮ ሁሉ ነገ ይመለሱ ይላቸዋል። ስወጣ “ጦርነቱን ከእኔ በላይ የሚጠላው ማነው? የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ” አሉኝ። ለካ ጦርነቱን ከሁላችን በላይ የሚያውቁትን ሰው ነው ከአዳራሹ ያስወጣሁት።

ስለዚህ መፈክር ከመጻፍሽ በፊት የሰው ስም ጻፊ። ጦርነቱ ቤታቸው የገባባቸውን አምስት ስድስት ሰዎች አስቢና ሄደሽ ስሚያቸው። አትከራከሪ። በተለይ “ማን ጀመረው?” የሚለውን ነገር አትንኪው። ስንት ቡድን በዚያ ጥያቄ ፈርሷል መሰለሽ።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በሶቪየት ኅብረት የወታደር እናቶች በ1989 ኮሚቴ አቋቁመው ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ኋላ ሩሲያ ቼችንያ በምትባል ግዛቷ ባካሄደችው የመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ እናቶች ራሳቸው ጦርነቱ ያለበት ድረስ እየሄዱ ልጆቻቸውን ፈልገዋል። ፖለቲከኛ ስለሆኑ አይደለም፣ እናት ስለሆኑ ነው።

ላይቤሪያን ደግሞ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሌይማ ግቦዊ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች፤ ከቀድሞ ሕፃናት ወታደሮች ጋር ትሠራ ነበር። እሷና ጓደኞቿ አርብ መስጊድ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ሴቶችን አነጋገሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነጭ ለብሶ በ2003 አደባባይ ወጣ። እዚህ ጋ ልብ በይልኝ፤ ሰው ወዳለበት ሄዱ እንጂ ሰው እንዲመጣላቸው አልጠበቁም። የእርስ በርስ ጦርነቱን ለማቆም የተጀመረው ድርድር ጋና ውስጥ ሲጓተት ደግሞ የአዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው ተደራዳሪዎቹን አናስወጣም አሉ። ስምምነቱ ነሐሴ ውስጥ ተፈረመ። ሴቶቹ ብቻቸውን አመጡት ማለቴ አይደለም፤ ሌላም ብዙ ጫና ነበር። ግን ያለ እነሱ ያ ድርድር ስንት ወር ይጎተት እንደነበር ማን ያውቃል።

ቀጥሎ ስለምትጠይቁት ነገር። “ሰላም ይሁን” ጥያቄ አይደለም። አይሁን የሚል ሰው ስለሌለ ማንም መልስ አይሰጥሽም። ጥያቄሽ አድራሻ ይኑረው፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ? እኛ ከእኚያ እናት ቤት ነው ያገኘነው። የተማረኩትና የጠፉት ወታደሮች የት እንዳሉ ቤተሰብ ይነገረው፣ ደብዳቤ ይድረስ አልን። ሕግም አለው። በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 70 በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት የተማረከ ወታደር ካምፕ በገባ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ለቤተሰቡ እንዲጽፍ ዕድል ይሰጠው ይላል። ይቺን ሳውቅ እንዴት እንደተደሰትኩ! ጦርነቱን የሚደግፍ ሰው እንኳ ወረቀታችን ላይ ይፈርም ጀመር። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ከ14 ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። በእኛ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ አልምልልሽም።

ትልቅ ሰልፍ ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ እዚህ ላይ ሐሳቤ ትንሽ ለየት ይላል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003 የኢራቅን ጦርነት በመቃወም በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች ሚሊዮኖች ወጡ። ጦርነቱ ከአምስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ጀመረ። ሰልፉ ከንቱ ነበር አልልም። ግን የብዙ ሰው ልብ የተሰበረው በማግስቱ የሚሠራው ስላልነበረው ይመስለኛል። በ1988 ኢየሩሳሌም ላይ የጀመሩትን ጥቁር ለባሽ ሴቶች ተመልከቺ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ዝም ብሎ መቆም። ያ ነገር ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሮ በ1991 የዩጎዝላቪያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ገባ፤ ያውም የዚያች አገር ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት።

እኛም ከዚያ ወስደን ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ አንድ ቦታ እንቆም ነበር። አራት ሰው። አንድ ቀን ብቻዬን ነበርኩ፣ ያውም በዝናብ፤ ካርቶኑ እጄ ላይ ሟሟ። በየሳምንቱ እየሰደበን የሚያልፍ ሰውዬም ነበረን። እሱ እስከ መጨረሻው አልተቀላቀለንም። ግን አንድ ሳምንት ቦታ ቀይረን ሳለ ፈልጎ መጣና “የት ጠፋችሁ?” ብሎ ሰድቦን ሄደ። ያን ቀን የሳቅነውን አልረሳውም።

ፎቶ ነገር ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ የሞቱ ሕፃናት ምስል ለጠፍን። ለካ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ጦርነት የተነሣ ነው። ይቅርታ ጠየቅን፤ ግን ለወራት “ውሸታሞቹ” ነበርን። ምስሉን በኢንተርኔት ፈልጎ የት እንደወጣ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን ሁለት ሰው ሳያጣራው ምንም አይወጣም።

ስለ ደኅንነትሽ፤ የምትኖሪበትን ቦታ የሰልፍ ሕግ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቂ። ብቻሽን አትውጪ። ቤት የቀረ አንድ ሰው ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ይወቅ። የማንንም ፊት ሳታስፈቅጂ አትለጥፊ፤ በተለይ የወታደር ቤተሰብ። ነገሩ ከባድ በሆነበት አገር ደግሞ አደባባይ ግድ አይደለም። ቤተሰቦችን ማገናኘት፣ ደብዳቤ ማጻፍ፣ የተፈናቀሉትን መርዳት ሁሉም ሥራ ነው። ገንዘቡን ለጊዜው እርሺው፤ የእኛ ወጪ ካርቶንና ማርከር ነበር።

የወንድምሽን ነገር መጨረሻ ያስቀረሁት ስለሚያመኝ ነው። የእኔም ታናሽ ወንድም ወታደር ነበር። አልነገርኩትም፤ ይከፋዋል ብዬ። ካምፕ ውስጥ አንዱ የእኔን ፎቶ በስልኩ አሳየው። ለአንድ ዓመት ከሦስት ወር አላናገረኝም። የተኳረፍነው በተቃውሞዬ አልነበረም። “ከሌላ ሰው መስማቴ ነው” አለኝ ኋላ። እናም ማንንም ሰብስበሽ ከመጥራትሽ በፊት፣ ዛሬ ማታ ከተቻለ፣ ለወንድምሽ ደውዪለት።