መልስ፦ ሊንክድኢን ከፍቼ ማንም ቀጣሪ አልጻፈልኝም

ሰላም እህቴ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሊንክድኢን (ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ላይ ገጽ ብትከፍቺም የሚያናግርሽ ቀጣሪ እንዳላገኘሽ ጽፈሻል። መጀመሪያ ከስምሽ ሥር ያለውን «ሥራ ፈላጊ» የሚለውን አጥፊው። ቀጣሪ ሰው የሚፈልገው በሙያ ስም ነው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። ቦታው እስከ 220 ፊደል ይይዛል። ጀማሪ አካውንታንት፣ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር)፣ ኤክሴል፣ የቫትና የደመወዝ ግብር ስሌት ብለሽ በእንግሊዝኛ ሙዪው። የማትችዪውን ግን እንዳትጨምሪ፤ ኢንተርቪው ላይ ይጠይቁሻል።

ልምድ የለኝም ያልሽው ግን ልክ አይደለም። ኢንተርንሺፕ ወጥተሽ የለ? እሱ ልምድ ነው። ደረሰኝ መዝግበሽ፣ የባንክ ሒሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አስታርቀሽ ከሆነ እንዲሁ በግልጽ ጻፊው። ፎቶው ፊትሽ በደንብ የሚታይበት ይሁን፣ የምረቃ ጋውኑ ይቅር። አስተካክለሽ ስትጨርሺ የጻፍሽውን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።